ጠርሙሱ ለአንድ ፈረስ አይከፈትም

ከፈረስ ዓይን በላይ፣ ወደ ጆሮው በኩል፣ አውራ ጣት የሚያስተኛ ጉድጓድ አለ። ፈረሱ ሲያላምጥ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ሲያረጅም ይበልጥ ይጎደጉዳል። ባለፈው ኅዳር ከለቡ ወደ ፉሪ በሚወስደው ኮረኮንች ዳር ባየሁት ዳማ ፈረስ ላይ ግን ያ ጉድጓድ አልነበረም። ሞልቶ፣ አልፎም አብጦ ወጥቷል። የዓይኑ ቆብ አብጦ ውስጡ ቀልቷል፤ ከንፈሩ ወፍሯል። ባለጋሪው አጠገቡ ቆሞ አንገቱን ያሻሻል። «ትናንት ጠዋት እኮ ብሎኬት ሲጭን ነበር ጋሼ» አለኝ። «ማታ ገለባውን ሳይነካው አደረ። ዛሬ ደግሞ ውሃም እምቢ አለ።»

በማግስቱ በዚያው ሳልፍ ፈረሱ የለም። ጋሪው ብቻውን እንጨቶቹን መሬት ላይ ደፍቶ ቆሟል።

ያየሁትን ለአንድ የእንስሳት ሐኪም ወዳጄ ነገርሁት። ተናግሬ ሳልጨርስ የበሽታውን ስም ጠራልኝ፤ የአፍሪካ የፈረስ በሽታ። ቀጥሎ «ተከትቦ ነበር?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም ባለጋሪውን ይህንኑ ጠይቄው ነበር። የሰጠኝ መልስ ነው ይህን ሐተታ ያስጻፈኝ፦ «ማን ለአንድ ፈረስ ብሎ ይመጣል?»

በሽታውን የሚያመጣው ቫይረስ ነው። በትንፋሽም በመነካካትም ከፈረስ ወደ ፈረስ አይሻገርም። የሚያሻግረው ትንኝ ነው፤ ከቢንቢ እጅግ የምታንስ፣ የፈረሱ ጀርባ ላይ አርፋ እንኳ በቀላሉ የማትታይ። ሲመሽና ሊነጋ ሲል ትነክሳለች። የምትራባው ፋንድያ በተቀላቀለበት እርጥብ አፈር ውስጥ ነው። በሽታው ልብን ሲይዝ እኔ ያየሁት ዓይነት እብጠት ይመጣል፤ ከዓይን በላይ ያለው ጉድጓድ ይሞላል፣ ከንፈርና አንገት ያብጣል። ሳንባን ሲይዝ ደግሞ ጊዜም አይሰጥም። ፈረሱ ላብ በላብ ሆኖ፣ አንገቱን ዘርግቶ፣ አፍንጫውን ነፍቶ አየር ይፈልጋል፤ ከአፍንጫው ነጭ አረፋ ይፈሳል፤ በሰዓታት ውስጥም ይወድቃል። ሳንባው በገዛ ሰውነቱ ፈሳሽ ተሞልቶ ነው የሚታፈነው። ሁለቱ አንድ ላይ የሚመጡበት ጊዜም ብዙ ነው።

የሚያድን መድኃኒት የለውም። የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት እንደሚለው በበሽታው ከተያዙ ፈረሶች ከ70 እስከ 95 በመቶ የሚሆኑት ይሞታሉ። በቅሎ ላይ ወደ ግማሽ ዝቅ ይላል፤ አህያ አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል። ባለአህያው «የኔ ምንም አልሆነም» ሲል ባለፈረሱ መዘናጋት የሌለበት ለዚህ ነው።

በአገራችን በሽታው የሚበረታው ክረምቱ ወጥቶ መሬቱ ገና እርጥብ ሳለ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው። አሁን የአዲስ አበባውን ንፋስ ስልክ ላፍቶን በዚህ ዓይን እንየው። ክፍለ ከተማው ወደ አቃቂ በሚወርዱ ወንዞችና ጅረቶች የተቆራረጠ ነው። በላፍቶ፣ በጀሞ፣ በሃና ማርያምና በለቡ ዳርቻዎች ኮንዶሚኒየሙና የገበሬው ማሳ ጎን ለጎን ኖረዋል። ፈረሱ የሚያድረው ወንዝ ዳር፣ ፋንድያው በተከመረበት፣ የልብስ እጣቢ በሚፈስበት ቦታ ነው። ለትንኟ ከዚህ የተሻለ ቤት አይገኝም። የአካባቢው ስም ራሱ ከሽቦ አልባው የመገናኛ ጣቢያ የመጣ ነው፤ ወሬ ያለ ሽቦ፣ በነፋስ ይመጣል ተብሎ። ይህቺም ትንኝ በነፋስ ትመጣለች፤ ነፋስ ተሸክሟት ባሕር እስከ መሻገር ደርሳለች። ስለዚህ «የኔ ፈረስ ከሌላ ፈረስ ጋር አይገናኝም» የሚል ባለቤት አጥር በሌለበት አጥር አለኝ እያለ ነው።

ክትባቱስ ከየት ይመጣል? ከሩቅ አይደለም። የብሔራዊ የእንስሳት ሕክምና ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1964 በቢሾፍቱ የተቋቋመ ሲሆን የፈረስ በሽታን ክትባት ራሱ ያመርታል። ከላፍቶ እስከዚያ 50 ኪሎ ሜትር አይሞላም። በዚያችው ከተማ የአፍሪካ ኅብረት የእንስሳት ክትባቶችን ጥራት የሚያረጋግጥበት ማዕከልም አለ፤ በአህጉሩ ሌላ የለውም። ወደ ምዕራብ ዞር ስንል ደግሞ ሰበታ ላይ በሽታ የሚመረመርበት የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ይገኛል። የለቡው ዳማ ፈረስ የሞተው በእነዚህ ተቋማት መካከል ነው። ይህ ነገር ያንገበግበኛል። አገሩ ዕውቀቱንም ፋብሪካውንም ይዞ ሳለ የመጨረሻዋ ጥቂት ኪሎ ሜትር ነች የጎደለችው።

ባለጋሪዎቹን ጠጋ ብዬ ሳነጋግር ክትባትን የሚፈሩበትን ምክንያት ነገሩኝ። ሊናቅ የሚገባው ምክንያት አይደለም።

አንዱ «የተከተበውም ይሞታል» አለኝ። እውነት አለው። የዚህ በሽታ ቫይረስ ዘጠኝ ዓይነት ነው። አንዱን ዓይነት የለመደ ሰውነት ሌላውን ላያውቀው ይችላል። ኢንስቲትዩታችን ለረጅም ዘመን ያመረተው ክትባት በዓይነት 9 ላይ የተመሠረተ ነው። የኢንስቲትዩቱ ተመራማሪዎች ከእንግሊዝ አቻዎቻቸው ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2010 የተነሡትን ወረርሽኞች ሲመረምሩ ግን 9ን ብቻ አላገኙም፤ 2፣ 4፣ 6 እና 8 ጭምር አገኙ። ዓይነት 9ና 6 ስለሚቀራረቡ የአንዱ ክትባት ለሌላው በመጠኑ ይጠቅማል። ለቀሩት ግን እምብዛም ነው። ደቡብ አፍሪካ ይህንኑ ችግር ያየችው ቀደም ብላ ነው። በኦንደርስቴፖርት የሚሠራው ክትባታቸው ሰባት ዓይነቶችን በሁለት ጠርሙስ ከፍሎ የያዘ ነው፤ ፈረሱም ሁለት ጊዜ በየተራ ይወጋል።

ታዲያ የእኛ ክትባት ዋጋ የለውም ማለት ነው? አይደለም። አገሪቱ ውስጥ ደጋግሞ የተገኘውን ዓይነት ይከላከላል፤ የቅርብ ዘመዱንም ያዳክማል። ጎደሎ ጋሻ ነው፤ ግን ጋሻ ነው። ለባለጋሪው ልንነግረው የሚገባንም ይህንኑ ሳንሸፋፍን ነው። «ከተከተበ አይሞትም» ብሎ የሚነግረው ሰው የመጀመሪያው የተከተበ ፈረስ የሞተ ዕለት አመኔታውን ለዘለዓለም ያጣል፤ አንዳንዶቹ ዘንድ አጥቷልም። ከዚያ አልፎ ጥያቄው ወደ ቢሾፍቱ መመለስ አለበት፤ አምስት ዓይነት ተገኝቶ ሳለ ሌሎቹን የሚጨምር ክትባት ለአገራችን ፈረስ የሚደርሰው መቼ ነው? ይህን ጥያቄ የፈረስ ባለቤቶች ተሰብስበው ቢያነሡት ድምፁ ይሰማል።

ሁለተኛው ፍርሃት ትኩሳት ነው። ክትባቱ የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ስለሆነ አንዳንዱ ፈረስ ጥቂት ቀን ያተኩሰዋል። ያን ጊዜ ብሎኬት ማስጎተት አይገባም። ሰውነቱ መከላከያ እስኪሠራ ሦስት ሳምንት ገደማ ስለሚፈጅ በዚያ ጊዜ ሥራው ቀለል ሊልለት ይገባል። በቀን ሠርቶ የዕለቱን ለሚበላ ሰው ይህ ቀላል ወጪ አይደለም። ክትባቱን በነፃ ወይም በርካሽ ሰጥተን ግዴታችንን የተወጣን የሚመስለን ሰዎች ይህን አስበነው አናውቅም። የባለጋሪው ወጪ መርፌው ላይ ሳይሆን ፈረሱ በቆመባቸው ቀናት ላይ ነው። መፍትሔው ቀኑን መምረጥ ነው፤ ሚያዝያ ማለቂያ ወይም ግንቦት መጀመሪያ ላይ። መከላከያው ክረምት ሳይገባ ይደርሳል፤ መስከረም ሲጠባም ትንኟ ፈረሱን ተዘጋጅቶ ታገኘዋለች። በሽታው ከገባ በኋላ መሯሯጥ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። የከበደች ባዝራ ግን በዚህ ክትባት አትወጋም፤ ከመርፌው በፊት ለሐኪሙ መናገር ያስፈልጋል።

ክትባቱ በየዓመቱ መታደስ አለበት። የዛሬ ሦስት ዓመት የተወጋ ፈረስ «ተከትቧል» አይባልም። እዚህ ላይ የከተማ ፈረስ ልዩ ችግር አለበት፤ እጅ ይቀያይራል። ገበሬው ለባለጋሪ ይሸጠዋል፤ ባለጋሪው ለሌላ ባለጋሪ። የተወጋበት ቀን የትም አልተጻፈም። አዲሱ ባለቤት ሻጩን ቢጠይቀው ሻጩ «አዎ» ይላል፤ ገበያ ነውና። አንዲት ወረቀት፣ የፈረሱ መልክና የተከተበበት ቀን የሰፈረባት፣ የሐኪሙ ፊርማና ማኅተም ያለባት ካርድ ከፈረሱ ጋር ብትሸጥ ዋጋውን ራሱ ከፍ ታደርገው ነበር።

አሁን ወደ ባለጋሪው ጥያቄ ልመለስ። «ማን ለአንድ ፈረስ ብሎ ይመጣል?»

ወዳጄ ሐኪሙ ነገሩን በአንዲት ጠርሙስ አሳየኝ። የአውራ ጣት ያህል የምትሆን፣ ጎማ ክዳን ያላት፣ ታችዋ ላይ ደረቅ ዱቄት የተጣበቀባት። ክትባቱ ደርቆ ነው የሚመጣው። በበረዶ ሣጥን ውስጥ በቅዝቃዜ ይጓዛል፤ ሊወጋ ሲል በፈሳሽ ይበጠበጣል። ከተበጠበጠ በኋላ ተመልሶ አይቀመጥም፤ ወዲያው ማለቅ አለበት። የአንዷ ጠርሙስ ይዘት ደግሞ ለብዙ ፈረስ ነው። ስለዚህ ለአንድ ፈረስ ብሎ ጠርሙስ የሚከፍት ሐኪም የቀረውን መድፋት አለበት። ላይከፍተው ይችላል፤ ቢከፍተውም ሒሳቡ በዚያ ባለፈረስ ላይ ይወድቃል። ባለጋሪው ይህን ቴክኒክ አያውቀውም። ውጤቱን ግን ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ ሄዶ ጠይቆ «ሰው ስትሞሉ ኑ» ተብሎ ተመልሷልና።

እኔ ነገሩን ሳጤነው የደረስሁበት ይህ ነው። የፈረስ ባለቤት ክትባቱን ማደስ አለበት ወይ ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ አዎ ነው፤ ነገር ግን ብቻውን አይችልም። የጠርሙሷ አሠራር ራሱ ሰብሰቡ ይላል። የአዲስ አበባ ሰው ደግሞ መሰብሰብ አይቸግረውም። ድንኳኑን፣ ብርጭቆውን፣ የቀብሩን ወጪ በእድር የሚያስተዳድር ሕዝብ ነው። ባለጋሪዎችም ተራ አላቸው፤ ተራ አስከባሪ አላቸው፤ ማን ስንት ፈረስ እንዳለው ያውቃሉ። የጎደለው በዓመት አንድ ቀን ያ ተራ ለመርፌ እንዲሰለፍ ማድረግ ነው።

ፈረስን በማኅበር መያዝ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በአዊ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ በብዙ ሺህ ፈረሰኞች በዓሉን ያከብራል። በዓድዋ ዘማቹን ተሸክሞ የሄደውን ፈረስ የሚያስታውስ ማኅበር ነው። ያን ያህል ፈረስ በአንድ ሜዳ የሚሰበስብ ኃይል፣ ከበዓሉ በፊት ለክትባትም ቢሰበስብ ምን ያህል እንደሚጠቅም ሳስበው ልቤ ይሞቃል። ለቡና ሃና ማርያም ላይ ያሉት ባለጋሪዎች ግላስና መጣምር የላቸውም፤ ማኅበር የመሆን ችሎታ ግን አያንሳቸውም።

ክትባት በእንስሳ ላይ ሠርቶ ያውቃል ወይ ለሚል ሰው ደስታ በሽታን አስታውሰዋለሁ። በ1880ዎቹ መጀመሪያ ከጣሊያኖች ጋር በምፅዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ የአገሩን በሬ ጨርሶ ክፉ ቀን የተባለውን ረኃብ አመጣ። አያቶቻችን በሬ አጥተው በእጃቸው ቆፍረዋል። ያ በሽታ ዛሬ በምድር ላይ የለም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2008 ነፃ መሆኗ ተረጋገጠላት፤ ዓለም በሙሉ ደግሞ በ2011። በአፋር በረሃ ሙቀት የሚችለውን ክትባት በእግራቸው ተሸክመው ያዳረሱት ከአርብቶ አደሩ መካከል ተመርጠው የሠለጠኑ ሰዎች ነበሩ። ሐኪም የማይደርስበትን የመጨረሻ ኪሎ ሜትር የሞሉት እነሱ ናቸው። አፋር ላይ የተቻለ ነገር ከኃይሌ ጋርመንት አደባባይ የግማሽ ሰዓት መንገድ ላይ እንዴት አይቻልም?

ታይላንድም አለች። እ.ኤ.አ. በ2020 በሽታው ሳይታሰብ ገባባትና ከ500 በላይ ፈረስ ገደለ። ፈረሶቻቸውን ከተቡ፤ ጋጣዎቹንም በመረብ ሸፈኑ። በ2023 ከበሽታው ነፃ መሆኗ ተመለሰላት። መረቡ እኛ ቤት ለወባ የምንሰቅለው አጎበር ዓይነት ነው፤ የትንኟ መጠን ስለሚያንስ ዓይኑ ደቀቅ ማለት አለበት እንጂ። ጋጣ የሌለው ባለጋሪ መረብ ከየት ያመጣል ቢባል፣ ቢያንስ ከማምሸቱ በፊት ፈረሱን ከወንዙ ዳር ማራቅና ፋንድያውን መጥረግ ይችላል። ገንዘብ አይጠይቅም።

ስለ ሌሎቹ በሽታዎች አጠር አድርጌ ልለፍ። ከባሕር ማዶ የመጣ የፈረስ መጽሐፍ የሚያነቡ ወይም ከውጭ የመጣ ፈረስ የሚይዙ ሰዎች የአሜሪካኖቹን የክትባት ዝርዝር ይዘው ሲመጡ አይቻለሁ፤ በዚያ ዝርዝር ላይ የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የለም፤ በአገራቸው ስለማይገኝ። የእነሱ ዝርዝር ለእኛ አይሆንም። ከዚያ ውስጥ የሚመለከቱን ሁለቱ ናቸው። አንደኛው መንጋጋ ቆልፍ ነው። ከቤት እንስሳት ሁሉ ለዚህ በሽታ እንደ ፈረስ የሚሸነፍ የለም። ሚስማር የረገጠ ሰኮና፣ ጠፍር የላጠው ጀርባ ይበቃዋል። ፈረስ ሲቆስል ቁስሉን ማጠብና ሐኪም ጋ መውሰድ ችላ የሚባል አይደለም።

ሁለተኛው የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ እዚህ ላይ ግን አላልፍም። የአዲስ አበባ ፈረስ ውጭ ያድራል፤ ውሻውም ውጭ ያድራል። ሌሊት የተነከሰ ፈረስ ማንም አያየውም። ከሳምንታት በኋላ መዋጥ ሲያቅተው፣ ምራቁ ሲዝረበረብ ባለቤቱ «አጥንት ወይ ላስቲክ ተሰንቅሮበት ይሆናል» ብሎ እጁን እስከ ጉሮሮው ያስገባል። ምራቁ ውስጥ ያለው በሽታ በእጁ ቁስል በኩል ወደ ሰውየው ይገባል፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ ደግሞ ለሰው መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። ምራቁ የተዝረበረበና መዋጥ ያቃተው ፈረስ አፍ ውስጥ እጅ አይገባም። ይህን ለአንድ ባለጋሪ የነገረ ሰው ነፍስ አድኗል። የነካው ካለ ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውሃ አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ። ፈረሱን ከዚህ ለመጠበቅ መጀመር ያለብን ከሰፈሩ ውሻ ነው። በዓለም ላይ በዚህ በሽታ ከሚሞቱት 100 ሰዎች 99ኙ የሚያዙት ከውሻ ነው።

በመርፌ የማይመለስ ነገር እንዳለም ባለጋሪው ይወቅ። አንገትና እግር ላይ በመስመር የሚወጣው፣ እየፈረጠ መግል የሚያፈሰው ቁስል የፈንገስ በሽታ ነው። ተመራማሪው ጎበና አመኒ በ28 ከተሞች 19,082 የጋሪ ፈረሶችን አይተው እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት 18.8 በመቶዎቹ ላይ አግኝተውታል። ለዚህ እኛ አገር የሚወጋ ክትባት የለም። የሚያስተላልፉት ዝንብና የጠፍር ቁስል ናቸው። የአንዱን ፈረስ ጠፍር ለሌላው አለማዋስ፣ የላጠውን ቦታ አለማስጎተት ነው ክትባቱ።

መንግሥት በዚህ ሁሉ የት ነው? የክፍለ ከተማው የከተማ ግብርና ጽሕፈት ቤት ላም፣ በግና ዶሮ የሚያረባውን ያውቃል። ፈረስ ግን ወተትም ሥጋም እንቁላልም ስለማይሰጥ ከዕቅዱ ጠርዝ ላይ ነው። ለትራፊክ ፖሊስ የመንገድ እንቅፋት ነው፤ ለደንብ አስከባሪ ቆሻሻ ነው። ከፈረሱ ስም ስሙን ይወስድ የነበረ አገር ነው ይሄ፤ አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው፣ አባ ነጋ ብሎ። አሁን ያረጀና የታመመ ፈረስ አስፋልት አካፋይ ላይ ተለቆ መኪና እስኪገጨው ወይም ሌሊት ጅብ እስኪያገኘው ቆሞ እናየዋለን። የተለቀቀው ፈረስ ደግሞ በሽታው ካለበት ለትንኟ ማዕድ ነው።

ድንበርም አለ። ከ2014 ዓ.ም. የወሰን ስምምነት ወዲህ አዲስ አበባ እዚህ ጋ ያበቃል፣ ሸገር ከተማ እዚያ ጋ ይጀምራል። ፈረሱ ግን ጠዋት ለቡ፣ ከሰዓት ፉሪ፣ ማታ ሌላ ቦታ ነው። አንዱ አስተዳደር ከትቦ ሌላው ካልከተበ ሥራው ግማሽ ነው። ሁለቱ ጽሕፈት ቤቶች አንድ ቀን መርጠው በአንድ ቦታ ቢከትቡ ወጪው አይጨምርም፤ የሚያስፈልገው የስልክ ጥሪ ነው። ጽሕፈት ቤቱ «ጠያቂ የለም» ይላል፤ ባለጋሪው «ሰጪ የለም» ይላል። ሁለቱንም ሰምቻለሁ፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። መጀመሪያ መነሣት ያለበት ግን ጽሕፈት ቤቱ ነው እላለሁ፤ ደሞዝ የሚከፈለው ሰው አለውና።

በመጋቢት ያንን ባለጋሪ እዚያው ተራ ላይ አገኘሁት። ሌላ ፈረስ ገዝቷል፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለው ቦራ። ከዓይኑ በላይ ያለውን ጉድጓድ በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ አሳየኝ፤ ጤነኛ ነው። ተከትቧል ወይ አልሁት። ሻጩ ተከትቧል ብሎታል፤ ወረቀት የለውም። ስለ ጠርሙሷ ነገርሁት። ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ ዞር ብሎ ተራውን አየ፤ ብሎኬት የጫነውን፣ ጀሪካን የደረደረውን፣ ፈረሱን ፈትቶ ፍሩሽካ የሚያበላውን፤ በጣቱ እየጠቆመ በአፉ ቆጠረ።

«የታምሩን ጨምሮ አሥራ አንድ» አለ። «ከእኔ ጋር አሥራ ሁለት። የማታዎቹ ሲመጡ ደግሞ ይጨምራል። ለአንድ ጠርሙስ ይበቃል ጋሼ?»

ይበቃል አልሁት። ስልኩን አውጥቶ የወዳጄን ቁጥር እንድነግረው ጠየቀኝ።